ላዮኔል ፔንሮዝ፦ የእናት ዕድሜና የቅድመ ወሊድ የክሮሞሶም ማጣሪያ ምርመራ መነሻ

መግቢያ

አንዲት ነፍሰ ጡር ለጽንስ ክሮሞሶም ማጣሪያ ምርመራ ስትቀርብ በቅድሚያ ከምትጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ዕድሜዋ ነው። ደሟ ቢመረመር፣ በጽንሱ ማጅራት ላይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ በአልትራሳውንድ ቢለካ፣ የሚገኘው ውጤት ሙሉ ትርጉም የሚኖረው ከዕድሜዋ ጋር ተገናዝቦ ሲሰላ ነው። በእናት ዕድሜና በዳውን ሲንድረም መካከል ያለውን ግንኙነት ከሌሎች ምክንያቶች ሁሉ ነጥሎ በስታቲስቲክስ ያሳየው ሥራ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሥራው ባለቤት እንግሊዛዊው ሐኪምና የሥነ ዘረመል ተመራማሪ ላዮኔል ሻርፕልስ ፔንሮዝ ነበሩ።

ስለ ማጣሪያ ምርመራ ታሪክ በሚጻፉ ሥራዎች የፔንሮዝ ስም ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ሂደት ሲመረመር ከአንድ ግኝት የሰፋ ጉዳይ ይገለጣል። ዛሬ ለምርመራው መነሻ የሆነው ቁጥር የተገኘው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች መውለድ አይገባቸውም የሚለው አስተሳሰብ በአውሮፓና በአሜሪካ በገነነበት ወቅት ነው። ያገኙትም ሰው የዚያ አስተሳሰብ ተቃዋሚ ነበሩ። ይህ አጭር ጽሑፍ የፔንሮዝን ሕይወት በመከተል፣ አንድን አደጋ መለካትና ስለ አንድ ሕይወት ዋጋ መፍረድ ሁለት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ሥራቸው እንዴት እንደሚያሳይ ይመረምራል።

ልደት፣ አስተዳደግና ትምህርት

ፔንሮዝ በሰኔ ወር 1898 በለንደን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ ዶይል ፔንሮዝ ሠዓሊ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ከባለጸጋው የፔኮቨር የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ከወንድሞቻቸው አንዱ የሆኑት ሮላንድ ፔንሮዝ በኋላ በሥዕል ጥበብ ስመ ጥር ሆነዋል። ቤተሰቡ የኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ይህ የክርስትና ክፍል ጦርነትን አጥብቆ የሚቃወም፣ ሰውን ሁሉ በእኩል ክብር ማየትን የሚያስተምር ነው። ወጣቱ ፔንሮዝም በዚሁ እምነት ትምህርት ቤቶች ተምረው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ከመያዝ ይልቅ በፈረንሳይ ቁስለኞችን በሚያጓጉዝ የኩዌከሮች የሕክምና ባቡር ላይ አገልግለዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ አመክንዮንና ሥነ ልቡናን አጠኑ። ቀጥሎም ወደ ቪየና ተጉዘው በጊዜው በፍሮይድ ዙሪያ ይስፋፋ የነበረውን የሥነ ልቡና ትንታኔ ቀርበው ተመለከቱ። ለአእምሮ ሕመም መንስኤ የነበራቸው ፍላጎት እየጠነከረ ሲሄድ ሕክምና መማር እንዳለባቸው ወሰኑ፤ በ1928ም የሐኪምነት ማዕረግ አገኙ። በዚሁ ዓመት ሐኪም የነበሩትን ማርጋሬት ሊዝስን አገቡ። ከልጆቻቸው መካከል ሮጀር ፔንሮዝ በሒሳብና በፊዚክስ፣ ጆናታን ፔንሮዝ ደግሞ በቼዝ ዝናን አትርፈዋል። ሥነ አመክንዮ፣ ሥነ ልቡናና ሕክምና በአንድ ሰው መገናኘታቸው ለኋለኛው ሥራቸው ወሳኝ ነበር። ሕመምተኛውን በሐኪም ዓይን ሲያዩ፣ ስለ ሕመምተኛው የሚነገረውን ደግሞ በአመክንዮ ሚዛን ይመዝኑ ነበርና።

የኮልቸስተር ጥናት

ፔንሮዝ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው የኮልቸስተር ከተማ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ተቋም የምርምር ሐኪም ሆነው ተመደቡ። ጊዜው ለዚህ ዓይነት ጥናት ከባድ ነበር። ኢዩጀኒክስ፣ ማለትም መራባትን በመቆጣጠር የሰውን ዘር ማሻሻል ይቻላል የሚለው አስተሳሰብ፣ በምሁራንና በሕግ አውጪዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች የማምከን ሕግ አውጥተዋል። በጀርመን በ1933 የግዴታ ማምከን ሕግ ታወጀ። በብሪታንያም በ1934 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ማምከን እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ግን ሕግ ሳይሆን ቀርቷል።

ለዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው እምነት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አንድ ወጥ ነገር ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅም በቀጥታ ይወርዳል የሚል ነበር። ፔንሮዝ ይህን እምነት በክርክር ከመመከት ይልቅ ለመለካት ተነሡ። በተቋሙ የነበሩትን 1,280 ሰዎች አንድ በአንድ መረመሩ፤ ስለ ወላጆቻቸውና ስለ ወንድሞቻቸው፣ ስለ እኅቶቻቸውም መረጃ ሰበሰቡ። ሰባት ዓመት ያህል የፈጀው ጥናት ውጤት በ1938 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት አማካይነት ታተመ። በውጤቱም መሠረት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የብዙ የተለያዩ መንስኤዎች የጋራ መጠሪያ እንጂ አንድ ሁኔታ አልነበረም። ከባድ ውስንነት ካለባቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ወላጆች እንደ ማንኛውም ሰው ያሉ ነበሩ። ስለዚህ በተቋሙ ያሉትን ሰዎች ማምከን በቀጣዩ ትውልድ የሚወለዱትን ቁጥር እምብዛም እንደማይቀንሰው መረጃው አመለከተ።

የእናት ዕድሜ

በኮልቸስተር ከተመረመሩት መካከል እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 የገለጹት፣ ዛሬ በስማቸው ዳውን ሲንድረም የሚባለው ሁኔታ ያለባቸው ይገኙበት ነበር። ዳውን የሰዎቹን የፊት ገጽታ ከሞንጎሊያ ሕዝብ ጋር በማመሳሰል ስም ሰጥተው ስለነበር፣ ሁኔታው ወደ ሌላ የሰው ዘር መመለስ ነው የሚለው መላ ምት እስከ 1920ዎቹ ድረስ ደጋፊዎች ነበሩት። ፔንሮዝ ይህን መላ ምት የፈተኑት በደም ዓይነት ነው። የደም ዓይነቶች ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያልና፣ መላ ምቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ በታማሚዎቹ ላይ የእስያን ሕዝቦች የሚመስል ስርጭት መታየት ነበረበት። በ1932 የታተመው ውጤት ግን የታማሚዎቹ የደም ዓይነት ስርጭት ከተቀረው የአካባቢው ሕዝብ እንደማይለይ አሳየ።

ቀጣዩ ጥያቄ የወላጆች ዕድሜ ነበር። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ የመጨረሻ ልጆች መካከል እንደሚገኙ ሐኪሞች ቀደም ብለው አስተውለዋል። አንዳንዶችም ምክንያቱ ማሕፀን በተደጋጋሚ ወሊድ መድከሙ ነው ይሉ ነበር። ችግሩ ሦስት ነገሮች ተቆላልፈው መገኘታቸው ነው፤ ዕድሜዋ የገፋ እናት ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የገፋ ባል አላት፣ የምትወልደውም ልጅ ከቀደሙት ልጆች በኋላ የሚመጣ ነው። የአባት ዕድሜ፣ የእናት ዕድሜና የውልደት ተራ አብረው ስለሚጨምሩ የትኛው መንስኤ እንደሆነ በማየት ብቻ አይለይም።

ፔንሮዝ ቋጠሮውን በስታቲስቲክስ ፈቱት። በ1933 ባወጡት ጽሑፍ የእናትን ዕድሜ እኩል አድርገው የአባትን ዕድሜ ሲያነጻጽሩ፣ የአባት ዕድሜ ተጽዕኖ ጠፋ፤ የአባትን ዕድሜ እኩል አድርገው የእናትን ዕድሜ ሲያነጻጽሩ ግን የእናት ዕድሜ ተጽዕኖ ጸና። በ1934 ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ የውልደት ተራ ከእናት ዕድሜ ተለይቶ ሲታይ ይህ ነው የሚባል ድርሻ እንደሌለው አሳዩ። ከሦስቱ የቀረው የእናት ዕድሜ ብቻ ሆነ።

የውጤቱ ሥነ ሕይወታዊ ማብራሪያ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሴት ልጅ የእንቁላል ሕዋሶቿን ይዛ ትወለዳለች። ሕዋሶቹ ሜዮሲስ የተባለውን ክፍፍል የሚጀምሩት እሷ ራሷ ጽንስ ሳለች ሲሆን፣ ክፍፍሉን አቋርጠው ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። ጊዜው በረዘመ መጠን ጥንድ ክሮሞሶሞችን አያይዞ የሚያቆየው ፕሮቲን ስለሚዳከም፣ ክሮሞሶሞቹ በትክክል ሳይለያዩ የመቅረታቸው ዕድል ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በሃያ ዓመት ዕድሜ ከ1,500 አንድ ያህል ሲሆን፣ በ35 ዓመት ከ350 አንድ፣ በ40 ዓመት ደግሞ ከ100 አንድ ገደማ ይደርሳል።

ይህ ግኝት ለወላጆች የነበረው ትርጉም ቀላል አልነበረም። እስከዚያ ድረስ የልጁ ሁኔታ በወላጆች ስካር፣ በቂጥኝ፣ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በተበላሸ ዘር ሲሳበብ ቆይቷል። ፔንሮዝ መረጃው ከሚፈቅደው በላይ አልሄዱም፤ የእናት ዕድሜ ከክስተቱ ጋር ያለውን ተዛምዶ አረጋገጡ እንጂ እናቲቱን ተጠያቂ አላደረጉም። ዕድሜ ጥፋት አይደለምና።

የጋልተን መንበር

ፔንሮዝ በ1939 ወደ ካናዳ ሄደው እስከ 1945 ድረስ በኦንታሪዮ በሥነ አእምሮ ምርምር አገልግለዋል። በነዚሁ ዓመታት ናዚ ጀርመን ከማምከን ወደ መግደል ተሸጋግሮ፣ በ1940 እና በ1941 ብቻ ከ70,000 በላይ የተቋማት ነዋሪዎችን በጋዝ ፈጅቷል። ጦርነቱ ሲያበቃ ፔንሮዝ ተመልሰው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጋልተን የኢዩጀኒክስ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። መንበሩ የተቋቋመው ኢዩጀኒክስ የሚለውን ቃል በ1883 በፈጠሩት በፍራንሲስ ጋልተን ኑዛዜ ሲሆን፣ ከፔንሮዝ በፊት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ካርል ፒርሰንና ሮናልድ ፊሸር ይዘውታል። ስለዚህ የኢዩጀኒክስ ተቃዋሚው ሰው በኢዩጀኒክስ ስም በተሰየመው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

በ1946 በታተመው የሹመት ንግግራቸው ርእስ ያደረጉት ፌኒልኬቶኑሪያን ነበር። ይህ በሁለት ተመሳሳይ ዘረመሎች የሚወረስ በሽታ የታወቀው በ1934 በኖርዌይ ሲሆን፣ ፔንሮዝም በእንግሊዝ ታማሚዎችን ለይተው ውርሱን አጥንተዋል፤ ምግብን በመለወጥ ለማከምም ሞክረዋል። በንግግራቸው ያቀረቡት የስሌት መከራከሪያ ነው። በሽታው እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ቢታይም፣ ዘረመሉን ሳይታመሙ የሚሸከሙት ከመቶ ሰው አንድ ያህል ይሆናሉ። ታማሚዎቹን ማምከን ዘረመሉን አያጠፋውም፤ ዘረመሉን ለማጥፋት ከሕዝቡ መካከል እጅግ ብዙ ጤነኞችን ማምከን ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ጤናማ አእምሮ ያለው ሰው የሚያቀርበው ሐሳብ አይደለም። ማንም ሰው ከእንዲህ ዓይነት ዘረመል ንጹሕ ነኝ ሊል እንደማይችልም ከስሌቱ ይከተላል።

ፔንሮዝ የቃላት ጉዳይንም በቸልታ አላለፉም። ቤተ ሙከራቸው ያሳትመው የነበረው ጆርናል በ1954 ከኢዩጀኒክስ ወደ ሰው ልጅ ሥነ ዘረመል ስሙን ቀየረ። የመንበሩም ስያሜ በ1963 በዚሁ መንገድ ተለወጠ። በ1961 በላንሴት መጽሔት ላይ፣ ከሞንጎሊያ ሕዝብ ስም የተወሰደው የሁኔታው መጠሪያ እንዲቀር የጠየቀውን ደብዳቤ ከፈረሙት አሥራ ዘጠኝ ተመራማሪዎች አንዱ ነበሩ። ከመንበሩ ውጭም በሐኪሞች የፀረ ጦርነት እንቅስቃሴ ውስጥ ግንባር ቀደም ሆነው ሠርተዋል።

ከዕድሜ ወደ ክሮሞሶም

የሰው ልጅ ሕዋስ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት በትክክል የታወቀው በ1956 በጆ ሂን ትጂዮና በአልበርት ሌቫን ነው። በ1959 መጀመሪያ ደግሞ በፓሪስ ዤሮም ለዤን፣ ማርት ጎትዬና ሬይሞን ቱርፐን ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች 47 ክሮሞሶሞች እንዳሏቸው አስታወቁ። ከዕድሜ ጋር የተያያዘው ክስተት አንድ ተጨማሪ ክሮሞሶም መሆኑ ተገለጠ።

ይሁን እንጂ የእናት ዕድሜ ሁሉንም አጋጣሚ አያብራራም። በጥቂት ቤተሰቦች ዳውን ሲንድረም በወጣት እናቶች ላይ ተደጋግሞ ይታያል። በ1960 ፔንሮዝ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ከጆን ኤሊስና ከጆይ ዴልሃንቲ ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ በእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ውስጥ የክሮሞሶም መሸጋገር፣ ማለትም የአንድ ክሮሞሶም ክፍል በሌላው ላይ ተጣብቆ መገኘት እንዳለ አመለከቱ። ጤነኛ የሆነ የቤተሰብ አባል ይህን ሊሸከም ይችላል። ግኝቱ ለምክር አገልግሎት ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ አንዲት ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የወለደች ወጣት እናት ስለ ቀጣዩ እርግዝናዋ ስትጠይቅ፣ መልሱ በየትኛው ዓይነት ላይ እንደተመሠረተ መለየት ተቻለ።

ፔንሮዝ በ1965 ከመንበሩ ጡረታ ከወጡ በኋላም በሃርፐርበሪ ሆስፒታል በሚገኘው የኬኔዲ ጋልተን ማዕከል ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ1966 ከእንሽርት ውኃ የተወሰዱ የጽንስ ሕዋሶችን አሳድጎ ክሮሞሶማቸውን መቁጠር መቻሉ ተዘገበ፤ በ1968 ደግሞ ዳውን ሲንድረም በጽንስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ተለየ። ፔንሮዝ በግንቦት ወር 1972 ሲሞቱ ምርመራው ገና በጥቂት ሆስፒታሎች የሚሰጥ ነበር።

ቁጥሩ ዛሬ

በ1970ዎቹ የእንሽርት ውኃ ምርመራ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ በእጅ የነበረው መለያ የፔንሮዝ ቁጥር ነበር። መርፌው ጥቂትም ቢሆን ጽንስ የማስወረድ አደጋ ስላለው ለሁሉም አይሰጥም፤ በብዙ አገሮች 35 ዓመት እንደ ወሰን ተወሰደ። ወሰኑ ግን ጉድለት ነበረው። የአንዲት ወጣት እናት አደጋ ዝቅተኛ ቢሆንም ወጣት እናቶች የሚወልዷቸው ልጆች እጅግ ብዙ ናቸውና፣ ዕድሜን ብቻ የተከተለ ማጣሪያ ከሚከሰቱት መካከል ሲሶ ያህሉን ብቻ ይደርስባቸው ነበር። በ1980ዎቹ የእናት ደም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ልኬት፣ በ1990ዎቹ የማጅራት ፈሳሽ ልኬት የተጨመረው ለዚህ ነው። በ1997 ዴኒስ ሎና ባልደረቦቻቸው የጽንስ ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ እንደሚገኝ ካሳዩ በኋላ፣ ከ2011 ጀምሮ በዚሁ ላይ የተመሠረተ የደም ምርመራ በሥራ ላይ ዋለ።

አዲሱ ምርመራ ዕድሜን ከስሌቱ አላስወጣውም። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ምርመራ ሁኔታው ካለባቸው ጽንሶች 99 በመቶውን የሚለይ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 0.1 በመቶውን በስሕተት አለባቸው የሚል ነው እንበል። አደጋቸው ከ1,500 አንድ የሆነ 150,000 የሃያ ዓመት ነፍሰ ጡሮች ቢመረመሩ፣ ምርመራው 99 ጽንሶችን በትክክል፣ 150 ያህሉን ደግሞ በስሕተት ይጠቁማል። አለ ከተባሉት መካከል እውነት የሚሆነው 40 በመቶው ብቻ ነው። አደጋቸው ከ100 አንድ የሆነ 150,000 የአርባ ዓመት ነፍሰ ጡሮች ቢመረመሩ ግን 1,485 በትክክል፣ 149 ያህል በስሕተት ይጠቆማሉ፤ እውነት የሚሆነው 91 በመቶ ይደርሳል። መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የውጤቱ ትርጉም በዕድሜ ይለወጣል። የማጣሪያ ውጤት በማረጋገጫ ምርመራ ሳይጸና ውሳኔ እንዳይሰጥበት የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱን ለእናቲቱ የሚያስረዳ ባለሙያ ይህን ሳይነግራት ቢቀር፣ ገና ያልተረጋገጠ ጥርጣሬን እንደ ተረጋገጠ ነገር እንድትቀበል ያደርጋታል።

ማጠቃለያ

የፔንሮዝ ሥራ ለቅድመ ወሊድ ማጣሪያ ምርመራ ሁለት ነገሮችን አውርሷል። አንደኛው የአደጋ ስሌት የተመሠረተበት የእናት ዕድሜ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙም የማይነገርለት፣ ልኬትን ከፍርድ የመለየት ሥርዓት ነው። ፔንሮዝ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠኑ፣ የአደጋውን መጠን ከማናቸውም በዘመናቸው ከነበሩ ተመራማሪዎች ባላነሰ ጥንቃቄ ለክተዋል፤ ከቁጥሩ ግን ማን መወለድ እንዳለበት የሚገልጽ ድምዳሜ አልሳቡም። በዘመናቸው የነበረው አደጋ መንግሥት በቁጥር ስም በዜጎች ላይ መወሰኑ ነበር። በዛሬው ጊዜ ውሳኔው በአብዛኛው በወላጆች እጅ ቢሆንም፣ ወላጆች የሚወስኑት በሚሰጣቸው ማብራሪያ ላይ ተመሥርተው ነው። ማብራሪያው የአደጋውን መጠን፣ የምርመራውን የስሕተት ዕድል፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ሕይወት ምን እንደሚመስልም እኩል አሟልቶ መያዙ የባለሙያው ኃላፊነት ነው። በሥነ ዘረመል ምክርና በማጣሪያ መርሐ ግብር ዙሪያ የሚደረጉ ጥናቶችም የምርመራውን ትክክለኛነት ከመለካት ባሻገር፣ ውጤቱ ለእናቶች በምን ዓይነት ቃላት እንደሚነገር ቢመረምሩ በኮልቸስተር የተጀመረውን ሥራ ወደፊት ያራምዳሉ።